ከተማው ላይ ሳይዘንብ የሚመጣ ጎርፍ

ድሬዳዋን የማያውቅ እንግዳ ደቻቱ ወንዝ ነው ቢሉት ለማመን ይቸገራል። ከዚራና መጋላ የተባሉትን የከተማውን ክፍሎች ለይቶ በሚያልፈው በዚያ ሰፊ አሸዋ ላይ አብዛኛውን ዓመት ጠብታ ውሃ አይታይም። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ቸርቻሪው ሸራውን ዘርግቶ ይሸጥበታል፣ ባለባጃጁ ድልድዩ ድረስ መዞር ሲታክተው በመሃሉ ያቋርጣል፣ ሌላው ለግንባታ አሸዋ ይዝቅበታል። ከተማው ለምዶታል። የሚያስፈራኝም ይኸው መልመድ ነው።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ለእሑድ አጥቢያ፣ ሕዝቡ በተኛበት፣ ደቻቱ ሞልቶ መጣ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩት ቤት ንብረታቸውን አጡ። በዚያው ክረምት የኦሞ ወንዝ ከዳር ወጥቶ በደቡብ ኦሞ ከ360 በላይ ሰዎችን ገድሏል። የድሬዳዋው ግን የመጣበት መንገድ ይለያል።

ጎርፉን የሚልከው የከተማው ዝናብ ብቻ አይደለም። በስተደቡብ ያሉት የደንገጎና የአካባቢው ተራሮች ገደላማ ናቸው፤ ደናቸው ተመናምኗል። እዚያ ላይ ዶፍ ሲወርድ ውሃው ለመስረግ ጊዜ አያገኝም፤ ከየሸለቆው ተጠራቅሞ ድንጋይና ግንድ እየጠረገ ቁልቁል ይንደረደራል። ከተማው ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በወንዙ ዳር የሚያድር ሰው ከደጁ ወጥቶ ወደ ላይ ቢያንጋጥጥ የሚያገኘው መረጃ የለም። ማወቅ ያለበት ተራራው ላይ ምን እንዳለ ነው።

የውሃን ጉልበት ብዙዎቻችን አሳንሰን እናያለን። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። በፍጥነት የሚወርድ ከሆነ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጎልማሳን ሰው ይጥላል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን ተሽከርካሪ ይዞ ይሄዳል። ደራሽ ውሃ ጭቃ ስለሆነ ከሥሩ ያለው መንገድ ይኑር ተቦርቡሮ ይሂድ አይታይም። ሹፌሩ «ትናንትም አልፌበታለሁ» ብሎ ሲገባ የሚተማመነው በሌለ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ግማሽ ሰዓት ቆሞ መጠበቅ ማንንም አይጎዳም።

ከ1998ቱ አደጋ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ በተፋሰሱ ላይም እርከን ተሠርቶ ችግኝ ተተክሏል። የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ሆኖም ግንብ የሚሠራው ለተሰላለት ውሃ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ሲመጣ ነዋሪውን የሚያድነው ቀድሞ መንቃቱ ብቻ ነው። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጎርፉ ዳግም ሰው ገድሏል፤ በበልግ መሆኑንም ልብ ይሏል። ክረምት እስኪገባ መዘናጋት አይቻልም።

ከላይ የጉርምርምታ ድምፅ ከተሰማ ወይም ቀጭኑ ውሃ በድንገት ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ፣ ወደ ጎን ወጥቶ ከፍታ ቦታ መያዝ ነው እንጂ በወንዙ አቅጣጫ መሮጥ አያዋጣም። ልጆችና አረጋውያን ይቅደሙ። ለፍየል፣ ለፍራሽ፣ ለሳጥን ተብሎ አይመለስም። የመጀመሪያው ማዕበል አለፈ ማለት አደጋው አለፈ ማለትም አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ የተደረመሰው መሬት ከ200 በላይ ሰዎችን ሲቀጥፍ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ሁለተኛው ናዳ እነሱን አገኛቸው። ለወገን መድረስን የመሰለ ነገር የለም፤ ነገር ግን አንድ ሰው ቁልቁለቱን እየተመለከተ ለማስጠንቀቅ ሊጮህ በሚችልበት ቦታ ሳይቆም ቁፋሮ መጀመር የለበትም።

በእኔ እምነት ድሬዳዋ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋት የሌሊት ሰንሰለት ነው። ተራራው ላይ ዝናቡን የሚያይ ገበሬ ስልክ ይኑረው፤ የሚደውልለት የቀበሌ ተረኛ እንቅልፍ የማይወስደው ይሁን፤ ተረኛው ሳይረን ያስነፋ፣ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያና የቤተ ክርስቲያኑ ደወልም ይከተሉት። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ከቀረ ዋጋ የለውም። በየዓመቱ ከበልግ በፊት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የወንዝ ዳር ነዋሪዎች በእውነት ተነሥተው እስከ ከፍታው የሚወጡበት ልምምድ ይደረግ። የመውጫው ጊዜ በሰዓት ይለካ፤ በቂ ካልሆነም መንገዱ ይስተካከል።