ሊጋ ረጂዮናሊስታ

ሊጋ ረጂዮናሊስታ (ትርጉሙ «ክልላዊ ሊግ») በስፔን ውስጥ በካታሎኒያ የነበረ ወግ አጥባቂ የፖለቲካ ፓርቲ ነው። ዓላማው ካታሎኒያን መገንጠል ሳይሆን በስፔን ሥር ሆና ራሷን በራሷ እንድታስተዳድር ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ስፔን በ1898 ኩባን፣ ፖርቶ ሪኮንና ፊሊፒንስን ስታጣ ገበያቸው የተነካባቸው የካታሎኒያ ፋብሪካ ባለቤቶች በማድሪድ መንግሥት ላይ ቅሬታቸው በረታ። ፓርቲው በ1901 በባርሴሎና ተመሠረተ። ዋና መሪዎቹ ኤንሪክ ፕራት ዴ ላ ሪባና ፍራንሴስክ ካምቦ ነበሩ። በ1914 አራቱን የካታሎኒያ ክፍላተ ሀገር ያስተባበረው «ማንኮሙኒታት» የተባለው አስተዳደር ሲቋቋም ፕራት የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ሆኑ። አስተዳደሩ መንገድ፣ ስልክ፣ ትምህርት ቤትና ቤተ መጻሕፍት አስፋፋ።

ፓርቲው ከራስ አስተዳደር ጋር ጸጥታንም ይሻ ነበር። በባርሴሎና የሠራተኞች አድማና የጎዳና ግድያ ሲበዛ ሁለቱን ማስታረቅ አልቻለም። በመስከረም 1923 ጄኔራል ፕሪሞ ዴ ሪቬራ ሥልጣን ሲይዙ ብዙ የፓርቲው ሰዎች ደገፏቸው። ጄኔራሉ ግን የካታላን ቋንቋን ከመንግሥት ሥራ አገዱ፤ በ1925ም ማንኮሙኒታትን አፈረሱ።

በ1931 ምርጫ ግራ ክንፉ «ኤስኬራ ሪፑብሊካና» ፓርቲውን አሸነፈ። ፓርቲው በ1933 ስሙን «ሊጋ ካታላና» ብሎ ለወጠ፤ በ1936 በተጀመረው የእርስ በርስ ጦርነትም ከሰመ። በጦርነቱ ካምቦ የፍራንኮን ወገን በገንዘብ ረዱ። ፍራንኮም በ1938 የካታሎኒያን የራስ አስተዳደር ሕግ ሻሩ።