እጁን የሚያልበው በረኛ ፈሪ አይደለም

እ.ኤ.አ በ2004 የአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍፃሜ ፖርቱጋልና እንግሊዝ ሊዝበን ላይ 2ለ2 ተለያይተው ወደ መለያ ምት ሲሄዱ የሆነውን የማያስታውስ የኳስ አፍቃሪ ጥቂት ነው። ዴቪድ ቤካም የመጀመሪያዋን ወደ ሰማይ ሰደዳት። ሩይ ኮስታም ሳተ። ከዚያ የፖርቱጋሉ ግብ ጠባቂ ሪካርዶ ድንገት ሁለቱንም ጓንቶቹን አወለቀና በባዶ እጁ ዳርየስ ቫሴል ፊት ቆመ። ኳሷን አዳናት። ቀጥሎ ራሱ መትቶ አስቆጠረና እንግሊዝን ወደ አገሯ ሸኛት።

ይህን ያነሳነው ለትዝታ ብቻ አይደለም። በየሰፈሩ ሜዳ ጓንቱን ማውለቅ እንደ ሞት የሚፈራ ታዳጊ በረኛ አይጠፋም። ጓንቱ ሲወልቅ እጁ ከባልዲ ውሃ የወጣ ይመስላል። ጨዋታው ሊጀመር ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው ሲጨባበጡ እሱ የጫማ ክር ለማሰር ያጎነብሳል። ሰው ሲያየው ኩራተኛ ነው። እውነቱ ግን የጨበጠው ሁሉ እጁን በቁምጣው ሲጠርግ ማየት ሰልችቶት ነው። በኛ አገር ደግሞ ሰላምታ ያለ እጅ አይሆንም፤ ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ "አይ፣ ይቅርብኝ" ማለት ነውር ነው። ልጁ ምን ያድርግ? ሰው ካለበት ይሸሻል። ልምምድ አንድ ቀን ይቀራል፣ ሁለት ቀን ይቀራል፤ ከዚያ ጭራሽ አይመጣም። አሰልጣኙም "ያ ልጅ ምን ነካው?" ብሎ ሳይጠይቅ ሌላ በረኛ ይፈልጋል።

ነገሩ ስም አለው። በህክምናው ቋንቋ ሃይፐርሃይድሮሲስ ይባላል፤ በቀላሉ ከመጠን ያለፈ ላብ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ከ100 ሰዎች ከ3 እስከ 5 የሚሆኑት ይህ ነገር እንዳለባቸው ገምተዋል። እንግዲህ አስቡት፤ ሁለት ቡድን ከነተጠባባቂው፣ ከነዳኛውና ከነአሰልጣኙ ሲቆጠር አንድ ሰው ቢገኝ አይገርምም። የእጅና የእግር መዳፍ ላብ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት ወይም በአፍላ ጉርምስና ነው፤ የብብቱ ደግሞ ከጉርምስና ጋር ይመጣል። ልጁ ስለ መልኩና ስለ ጠረኑ በጣም በሚጨነቅበት ዕድሜ ላይ መሆኑ ነው ነገሩን የሚያከብደው።

ላብ ራሱ ጠላት አይደለም። ሰውነታችን ላይ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሱ የላብ ዕጢዎች አሉ፤ ሥራቸው ማቀዝቀዝ ነው። ከቆዳ ላይ የሚተን አንድ ሊትር ላብ 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ይህ ባይኖር 90 ደቂቃ ቀርቶ 20 ደቂቃ የሚሮጥ ተጫዋች ባልተገኘ ነበር። አንድ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር፣ ሲሞቅ ደግሞ ከዚያም በላይ ሊያልበው ይችላል። እዚህ ላይ ስታዲየም ውስጥ የምንሰማት አንዲት አባባል አለች፤ "ገና በአስር ደቂቃ እንዲህ ያላበው ኮንዲሽን ስለሌለው ነው" የምትል። ተገላቢጦሽ ነው! በደንብ የሠለጠነ ሰውነት ከደካማው ቀድሞ ማላብ ይጀምራል፤ የበለጠም ያልበዋል። ሞቃት ቦታ ላይ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት የተለማመደ ተጫዋችም ላቡ ይጨምራል፤ በላቡ የሚወጣው ጨው ግን ይቀንሳል። በ2013 የውድድር ዘመን ፕሪሚየር ሊጋችን አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየተዘዋወረ ሲካሄድ ከሸገር ብርድ ወደ ድሬ የወረደ ተጫዋች ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

የሃይፐርሃይድሮሲሱ ላብ ከዚህ ይለያል። ልጁ አልሮጠም፣ አልሞቀውም፤ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ እስክሪብቶ እንደያዘ የፈተና ወረቀቱ ይበሰብሳል። የሚገርመው ዕጢዎቹ ሲመረመሩ በቁጥርም በመጠንም እንደማንኛውም ሰው መሆናቸው ነው። ችግሩ ያለው ትዕዛዝ በሚሰጣቸው በኩል ነው፤ ከፈቃዳችን ውጪ የሚሠራው የነርቭ መስመር ያለ ምክንያት "አልብ!" እያለ ይጮሃል። በዘር የመተላለፍ ነገርም አለው። አባትየውን ብትጠይቁት "እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚሁ ነበርኩ" የሚላችሁ ብዙ ነው። የመዳፍ ላብ ደግሞ ከሙቀት ይልቅ ለስሜት ይታዘዛል። ልጁ "አሁን ያልበኛል" ብሎ ሲያስብ ይጨነቃል፤ ሲጨነቅ ያልበዋል፤ ሲያልበው የባሰ ይጨነቃል። ክቡ እንዲህ ይዞራል። ጭንቀት ያባብሰዋል እንጂ ከምንም ተነስቶ አይፈጥረውም። ስለዚህ "ነርቨስ ነው፣ ለትልቅ ጨዋታ አይሆንም" ብሎ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ይህ ዓይነቱ ላብ የሚታወቅባቸው ምልክቶች አሉ። ከስድስት ወር በላይ የቆየ፣ ቀኝና ግራ እኩል የሚያልብ፣ ቢያንስ በሳምንት አንዴ የሚመጣ፣ ከ25 ዓመት በፊት የጀመረ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ ሲተኛ ይቆማል። ይህቺን የመጨረሻዋን ወላጆች ልብ በሏት። ሌሊት አንሶላ የሚያበሰብስ ላብ ሌላ ነገር ነው። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳልና ክብደት መቀነስ ከተጨመረበት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የግድ ነው፤ ለነገ የሚባል አይደለም። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለው፣ በተለይ ልጁ ከቆላ ከተመለሰ፣ ወባን ማሰብ ነው። እየበላ የሚከሳ፣ ልቡ የሚደልቅና እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ታይሮይድ ዕጢው ይታይ። የስኳር ህመምተኛ ልጅ ደግሞ በልምምድ መሀል ተንቀጥቅጦ ቀዝቃዛ ላብ ካላበው ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ጣፋጭ ነገር ሊሰጠው ይገባል። አንዳንድ መድኃኒቶችም ያልባሉ።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በትምህርት ቤት ቡድን አብሮት የተጫወተ አንድ ተመላላሽ ነበር፤ የእጅ ውርወራ አይሰጠውም። ኳሷ ከእጁ እያመለጠች ሁለት ሦስቴ ተሳስቶ ስቀንበታል። "ሳሙና" የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ታዲያ ከዓመታት በኋላ ስቶክ ሲቲን በቴሌቪዥን ስናይ ነው ነገሩ የገባን። የስቶኩ ሮሪ ዴላፕ እያንዳንዷን ኳስ ከመወርወሩ በፊት በፎጣ ጥርግ አድርጎ ያደርቃት ነበር፤ ፎጣ የሚያቀብለውም ሰው ነበረው። አርሰናሎች ይቅርታ አድርጉልንና፣ እ.ኤ.አ ኅዳር 1 ቀን 2008 ስቶክ 2ለ1 ሲያሸንፋችሁ ፉለርና ኦሎፊንጃና ያገቧቸው ሁለቱም ጎሎች የመጡት ከዴላፕ ውርወራ ነበር። የፕሪሚየር ሊግ ተጫዋች በፎጣ ሲጠርግ "ብልህ" ከተባለ የሰፈራችን ልጅ ምን አጠፋ?

ወደ መፍትሔው እንምጣ። ብዙ ልጆች መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ ሽቶና ዲኦድራንት ነው። ዲኦድራንት ግን ጠረን ይሸፍናል እንጂ ላብ አያቆምም። ላብ ብቻውን እኮ እምብዛም አይሸትም፤ በጉርምስና ሥራ የሚጀምሩት የብብትና የብሽሽት ዕጢዎች የሚያወጡትን ቆዳ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ሲበሉት ነው የሚሸተው። ላብ የሚቀንሰው አልሙኒየም ያለበት፣ ዕቃው ላይ አንቲፐርስፒራንት ተብሎ የተጻፈው ነው። እናቶቻችን ብብት የሚቀቡት ሸብ ራሱ የአልሙኒየም ጨው መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ጠንከር ላለው ሐኪሞች የሚያዙት 20 በመቶ አልሙኒየም ክሎራይድ ነው። አቀባቡ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ጠዋት ወደ ልምምድ ሲወጡ ሳይሆን ማታ፣ ላቡ በቀነሰበት ሰዓት ሊተኙ ሲሉ ነው የሚቀባው። ቆዳው ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥብ ላይ ከተቀባ ያቃጥላል። የብብት ፀጉር በተላጨበት ዕለትም አይሆንም። ጠዋት በውሃ ይታጠባል። ላቡ እስኪቀንስ በየማታው፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል። ካሳከከ ቀን እያሳለፉ መቀባት ነው። በሁለት ቀን ለውጥ አላየሁም ብሎ መተው የለም።

ለእጅና ለእግር አዮንቶፎሬሲስ የሚባልም አለ። መዳፍ ውሃ ባለበት ዝርግ ዕቃ ውስጥ ተነክሮ በጣም ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ለ20 እና ለ30 ደቂቃ ያህል ይተላለፍበታል። መጀመሪያ በሳምንት ሦስቴ አካባቢ፣ ሲሻለው እያራራቁ ነው። ይህን ለዚሁ በተሠራ መሣሪያ ብቻ! ሰፈር ውስጥ ሽቦ መነካካት የሚወድ ልጅ ስለማይጠፋ በግልጽ እንናገር፤ ከግድግዳ ሶኬት በተሳበ ሽቦ የሚሞክር ሰው ይሞታል።

የቦቶክስ መርፌን አሜሪካ እ.ኤ.አ በ2004 ለአዋቂዎች የብብት ላብ ፈቅዳለች፤ ወራት ይቆያል። መዳፍ ላይ ሲወጋ ግን ያማል፣ ለጊዜውም የመጨበጥ አቅምን ሊያደክም ይችላል፤ ለበረኛ ጥሩ ዜና አይደለም። እ.ኤ.አ በ2018 ደግሞ ከ9 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች ብብት የሚጠረግበት መድኃኒት ያለው ጨርቅ እዚያው አሜሪካ ተፈቅዷል። የሚዋጡ ክኒኖችም አሉ፣ ግላይኮፒሮሌትና ኦክሲቡቲኒን የሚባሉ። ኳስ ተጫዋች እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። ክኒኑ የመዳፍን ላብ ብቻ መርጦ አያደርቅም፤ የመላ ሰውነትን ያደርቃል። በሙቀት ሲሮጥ ማላብ ያልቻለ ልጅ ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል። ሐኪም ያዘዘለትም ቢሆን ኳስ እንደሚጫወት አስቀድሞ መናገር አለበት። ነርቩን የሚቆርጠው ቀዶ ጥገና የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ እጅ ይደርቅና ላቡ ወደ ጀርባና ሆድ የሚዞርባቸው ብዙዎች ናቸው። ለታዳጊ ባይቸኮልበት ይሻላል። ምርመራው የቆዳ ሐኪም ሥራ ነው፤ አዲስ አበባ ላለ ሰው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ህክምና የታወቀ ነው።

አንድ የሚያናድደን ነገር ውሃ ነው። "ላብህ ሳይደርቅ ውሃ እንዳትጠጣ" የሚባል ነገር ቤትም ሜዳም አለ። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ላቡ እንዲቀንስለት ብሎ ጥሙን ይውጣል። መዳፉን ያልበዋል ወይ? አዎ፣ ያው ያልበዋል። የቀነሰው ጉልበቱ ነው። ከክብደቱ 2 በመቶ የሚሆነውን በላብ ያጣ ተጫዋች ብቃቱ መውረድ ይጀምራል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ይህ አንድ ሊትር ከሩብ እንኳ አይሞላም። ሚዛን ያለው ቡድን ከልምምድ በፊትና በኋላ ይመዝን፤ የጎደለው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ነው። ፊፋ ራሱ በብራዚሉ የ2014 ዓለም ዋንጫ ሆላንድና ሜክሲኮ ፎርታሌዛ ላይ ሲጫወቱ ጨዋታ አስቁሞ ውሃ አጠጥቷል። ቫን ኻል በዚያች እረፍት አሰላለፋቸውን ቀይረው ከ1ለ0 መመራት ተነስተው 2ለ1 አሸነፉ። ልምምድ ላይ ግራ የተጋባ፣ የሚንገዳገድና ቆዳው የሚያቃጥል ልጅ ካያችሁ ግን ማጠጣት ብቻ አይበቃም፤ ጥላ ውስጥ አስገብቶ ውሃ እያፈሰሱበት ሐኪም ቤት መውሰድ ነው።

ሜዳ ላይ የሚቀረው ቀላሉ ነው። ሁለት ገምባሌ ይዞ መምጣትና በእረፍት ሰዓት መቀየር። ታኬታን ገበሩን አውጥቶ ማናፈስ፤ ቢቻል አንዱን ጫማ ሁለት ቀን አከታትሎ አለማድረግ፣ ምክንያቱም እርጥብ እግር ፈንገስ ይጋብዛል። በጎል ብረቱ ሥር ፎጣ ማስቀመጥ። አሰልጣኝ ከሆኑ ለዚህ ልጅ ከሰላምታው በፊት እጁን የሚያደርቅበት አሥር ሰከንድ ይስጡት፤ ቅጽል ስም የሚያወጡለትንም ዝም ያሰኙ።

በረኛው ደግሞ ይህን ይወቅ። የጓንቱ የውጪ ላቴክስ በትንሹ ሲረጥብ የተሻለ ይይዛል፤ በረኞች ጓንታቸው ላይ ሲተፉ የምናየው ለዚሁ ነው። ጉዳቱ ከውስጥ ነው። ውስጡ በላብ ሲርስ እጅ ይንሸራተታል፣ ጨዉም ላቴክሱን ይበላዋል። ስለዚህ ከጨዋታ በፊት እጅን አድርቆ ማጥለቅ፣ ከጨዋታ በኋላ ጓንቱን ለብ ባለ ውሃ አጥቦ ጥላ ውስጥ መስቀል። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይሰነጠቃል።