አሸናፊውን መተንበይና ዘመኑን መተንበይ

የዩናይትድ ስቴትስ ሕዝብ በየአራት ዓመቱ፥ ከኖቬምበር ወር የመጀመሪያ ሰኞ ቀጥሎ በሚውለው ማክሰኞ፥ ፕሬዚዳንቱን ለመምረጥ በሚሰለፍበት ጊዜ፥ በዚያ አገር የሚኖረውም ሆነ ከሩቅ የሚመለከተው ሰው ሁለት ጥያቄዎችን እንደ አንድ አድርጎ ይጠይቃል፤ ማን ያሸንፋል? ካሸነፈስ በኋላ ምን ይመጣል? ልጁ ወይም ወንድሙ በዋሽንግተን፥ በሚኒሶታ ወይም በቴክሳስ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህ የባዕድ አገር ወሬ አይደለምና በብርቱ ሐሳብ ይከታተለዋል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ጥያቄዎች በባሕርያቸው እጅግ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው በሥርዓት ሊመረመር የሚቻል፥ ስሕተቱም ከነምክንያቱ ተገልጦ የሚታረም የቁጥር ጉዳይ ሲሆን፥ ሁለተኛው ግን የሰው ሞትና ሹመት፥ የሕግ አንቀጽና የሩቅ አገር ጦርነት የሚገባበት፥ መራጩም ከቶ ያልተጠየቀበት ነገር ነው። የመጀመሪያውን ያወቀ ሁለተኛውንም ያወቀ ስለሚመስለው፥ በምርጫ ማግሥት የሚነገረው ትንቢት ከምርጫው በፊት ከተነገረው ይልቅ ብዙ ጊዜ የከፋ ስሕተት ይዞ ይገኛል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

በ1936 የሆነውን እንመልከት። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ከ1916 ጀምሮ የተደረጉትን የአምስት ምርጫዎች አሸናፊ አስቀድሞ በትክክል በመናገሩ ስሙ የገነነ ነበር። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ለሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደሩ፥ ተቃዋሚያቸውም የካንሳስ አገረ ገዥ አልፍ ላንደን ሲሆኑ፥ መጽሔቱ 10 ሚሊዮን ያህል የመጠየቂያ ወረቀት በፖስታ ላከ፤ ከዚህም ውስጥ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጠው ተሞልቶ ተመለሰለት። መልሱ ላንደን በትልቅ ብልጫ እንደሚያሸንፉ ባሳየ ጊዜ አዘጋጆቹ በወረቀቱ ብዛት ተማምነው አተሙት። ምርጫው ሲፈጸም ግን ሩዝቬልት ከመቶ 61 ያህሉን ድምፅ አግኝተው ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰዱ፤ ለላንደን የቀሩላቸው ሜይንና ቨርሞንት ብቻ ሆኑ። መጽሔቱም በ1938 ሕትመቱ ተቋረጠ።

ስሕተቱ የመጣው ከአድራሻው ነው። ወረቀቱ የተላከላቸው ሰዎች ስም በአብዛኛው የተለቀመው ከስልክ ማውጫና ከአውቶሞቢል ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የድህነትና የሥራ ማጣት ዘመን ደግሞ ስልክና መኪና ያለው ሰው ኑሮው የተደላደለ፥ ከሩዝቬልትም አስተዳደር ጋር እምብዛም የማይስማማ ነበር። ወረቀቱን ሞልቶ ለመመለስ ይበልጥ የተጋውም ቅሬታ ያደረበት ሰው ሆነ። በዚያው ወራት ጆርጅ ጋሎፕ 50,000 ያህል ሰዎችን ብቻ፥ ነገር ግን ከሀብታሙም ከድሃውም፥ ከከተሜውም ከገበሬውም በየመጠናቸው አስጠይቆ፥ ሩዝቬልት እንደሚያሸንፉ ተናገረ። እህል ገዢ በጆንያው አፍ ላይ ያለውን ብቻ አይቶ አይከፍልም፤ የተበጠረው ከላይ መሆኑን ያውቃልና እጁን እስከ ክርኑ አጥልቆ ከሥር ይዘግናል። የጋሎፕም ጥበብ በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አልነበረም።

እርሱም ቢሆን ከ12 ዓመት በኋላ ተሳሳተ። በ1948 ሃሪ ትሩማን ከኒው ዮርክ አገረ ገዥ ከቶማስ ዲዊ ጋር ሲወዳደሩ፥ የታወቁት ሦስቱ የሕዝብ አስተያየት መርማሪዎች፥ ጋሎፕ፥ ኤልሞ ሮፐርና አርችባልድ ክሮስሊ፥ በአንድ ድምፅ ዲዊ እንደሚያሸንፉ አስታወቁ። ሮፐር ነገሩ ያለቀለት መስሎት በሴፕቴምበር ጥያቄውን ተወ፤ ጋሎፕም ከምርጫው ቀን ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ሥራውን ዘጋ። ትሩማን ግን በባቡር እየተጓዙ፥ በየጣቢያው ከመጨረሻው ፉርጎ ሰገነት ላይ ቆመው ለገበሬውና ለሠራተኛው ይናገሩ ነበርና፥ መርማሪዎቹ መዝገባቸውን ከዘጉ በኋላ ሐሳቡን የወሰነው ሰው ብዙ ሆነ። በዚያም ላይ ጠያቂዎቹ የተሰጣቸው የዕድሜና የጾታ ቁጥር እስከ ሞላ ድረስ የሚያነጋግሩትን ሰው እንደ ወደዱ ይመርጡ ስለ ነበር፥ ለመቅረብ የሚመቸውን፥ የተማረውንና ደኅና ኑሮ ያለውን አበዙ። ቺካጎ ትሪቢዩን የተባለው ጋዜጣ፥ የማተሚያ ቤት ሠራተኞቹ አድማ ላይ ስለ ነበሩ ጽሑፉን በጊዜ ለማተሚያ ማስገባት ግድ ሆኖበት፥ ዲዊ ትሩማንን ድል እንዳደረጉ በትልልቅ ፊደል አትሞ አወጣ፤ ትሩማንም በሴንት ሉዊስ ባቡር ጣቢያ ያንኑ ጋዜጣ ከፍ አድርገው ይዘው በደስታ ሲስቁ የተነሡት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ይታያል። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንቱ ስሕተቱን በጉባኤ መረመሩት፤ ተጠያቂው በጠያቂው ፈቃድ ሳይሆን በዕጣ እንዲወጣ፥ ጥያቄውም እስከ ምርጫው ዋዜማ እንዲቀጥል ቀስ በቀስ ልማድ ሆነ።

ከአራት ዓመት በኋላ፥ በ1952 ምርጫ ሌሊት፥ ሲቢኤስ የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት ዩኒቫክ በሚባል ግዙፍ የኤሌክትሮኒክ ማስሊያ ተጠቀመ። ከድምፁ ጥቂቱ ብቻ እንደ ተቆጠረ፥ መሣሪያው ጄኔራል አይዘንሃወር 438 የወኪል መራጮችን ድምፅ እንደሚያገኙ አሰላ። ሰው ሁሉ ትግሉ የተቀራረበ ይሆናል ብሎ ይጠብቅ ስለ ነበር፥ ኃላፊዎቹ መሣሪያው የተሳሳተ መስሏቸው ቁጥሩን ሳይናገሩ አቆዩት፤ የአይዘንሃወር ብልጫ በገሃድ ሲታይ ግን አስቀድሞ የተነገራቸውን እንደ ደበቁ ለተመልካቹ ገለጡ። የመጨረሻው ቁጥር 442 ሆነ።

ስለ ወኪል መራጮች ጥቂት ማስረዳት ይገባል። ፕሬዚዳንቱ የሚመረጠው በአገሩ ሕዝብ ጠቅላላ ድምፅ ሳይሆን ለየግዛቱ በተመደቡት ወኪሎች ነው፤ ዛሬ ቁጥራቸው 538 ሲሆን 270 ያገኘ ያሸንፋል፤ ከሜይንና ከነብራስካ በቀርም በአንድ ግዛት በጥቂትም ቢሆን የበለጠ የዚያን ግዛት ወኪሎች ሁሉ ይወስዳል። ስለዚህ በ2000 ጆርጅ ቡሽ ፕሬዚዳንት የሆኑት በፍሎሪዳ በ537 ድምፅ በልጠው ነው። በ2016 ደግሞ ሂላሪ ክሊንተን በሕዝብ ድምፅ 2.9 ሚሊዮን ያህል በልጠው ሳሉ፥ በሚሺጋን፥ በፔንሲልቬንያና በዊስኮንሲን በድምሩ 78,000 በማይሞላ ድምፅ ተሸነፉ። መላውን አገር የጠየቁት ጥናቶች በዚያ ዓመት ብዙ አልራቁም፤ በየግዛቱ ከተደረጉት ብዙዎቹ ግን የተማረው ሰው ከመጠኑ በላይ መልስ እንደሚሰጥ ሳያስተካክሉ ስለ ቀሩ ተሰናከሉ። ለዶናልድ ትራምፕ ከ10 ሦስት ያህል ዕድል የሰጡ ተንባዮችም ነበሩ፤ ይህን ከምንም ሳይቆጥር ያለፈው አንባቢ በተንባዩ ላይ ብቻ ማማረሩ ቅን ፍርድ አይመስለኝም።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ ቁጥር ነው፥ ቁጥርም ይታረማል። አይዘንሃወርን በቁጥር የተናገረው ዩኒቫክ ግን ስለ ዘመናቸው ምን ሊል ይችል ነበር? በዚያ የምርጫ ወራት የተከራከሩበት የኮሪያ ጦርነት፥ የኮሙኒዝም ፍርሃትና የባለሥልጣናት ሙስና ነበር፤ ጄኔራሉም ቢመረጡ ወደ ኮሪያ እንደሚሄዱ ቃል ገብተው ሄዱ። በሴፕቴምበር 1953 ግን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ፍሬድ ቪንሰን በድንገት ሞቱ፤ አይዘንሃወርም የካሊፎርኒያውን አገረ ገዥ ኧርል ዎረንን ሾሙ። ከስምንት ወር በኋላ፥ ሜይ 17 ቀን 1954፥ በዎረን የሚመራው ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ሕፃናትን በመንግሥት ትምህርት ቤት መለየት ሕገ መንግሥቱን የሚቃወም መሆኑን ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው ፈረዱ። ይኸው ዎረን በ1948 የዲዊ ምክትል ሆነው የተወዳደሩት ሰው ናቸው፤ የሦስቱ መርማሪዎች ትንቢት ያን ጊዜ ሠምሮ ቢሆን ኖሮ ምክትል ፕሬዚዳንት ይሆኑ ነበርና በዚያ ወንበር መቀመጣቸው ያጠራጥራል። በ1948 ድምፁን የሰጠ ሰው ይህን ያስብ ዘንድ አይቻልም ነበር።

የ1964 ምርጫ ከዚህም ይልቅ ያስተምራል። አሸናፊውን ለማወቅ ነቢይ የማያስፈልግበት ምርጫ ነበርና ሊንደን ጆንሰን ከመቶ 61 ያህሉን ድምፅ፥ ከወኪል መራጮችም 486ቱን አገኙ፤ ባሪ ጎልድዋተር 52 ብቻ። በማግሥቱ ብዙ ጸሐፊዎች የጎልድዋተር ወገን ፈጽሞ እንደ ጠፋ አድርገው ጻፉ። ነገር ግን ጎልድዋተር ከራሳቸው ከአሪዞና በቀር ያሸነፉባቸው አምስት ግዛቶች፥ ሉዊዚያና፥ ሚሲሲፒ፥ አላባማ፥ ጆርጂያና ሳውዝ ካሮላይና፥ ለረዥም ዘመን የዴሞክራቶች ርስት ተደርገው ይታዩ የነበሩ የደቡብ አገሮች ነበሩ፤ የወገን ለውጥ በዚያ ተጀመረ። ለእርሳቸው ድጋፍ በቴሌቪዥን ንግግር ያደረጉት የፊልም ተዋናይ ሮናልድ ሬጋን ከሁለት ዓመት በኋላ የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ፥ በ1980ም ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። የአሜሪካን ልጆች ወደ ሩቅ እስያ ጦርነት እንደማይልኩ በምርጫው ወራት ሲናገሩ የተሰሙት ጆንሰን ደግሞ በማርች 1965 ወታደር ወደ ቬትናም አስገቡ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ቁጥሩ ከ500,000 በልጦ እርሳቸውም ዳግመኛ ላለመወዳደር ወሰኑ።

ከዚሁ ምርጫ የተገኘው ሌላው ነገር በእኛ ኑሮ ውስጥ የገባ ነው። በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ለየአገሩ ኮታ ሲመድብ ለኢትዮጵያ የሰጠው በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ጆንሰን ኦክቶበር 3 ቀን 1965፥ በኒው ዮርክ ወደብ በነጻነት ሐውልት ሥር፥ ይህን የትውልድ አገር ኮታ የሚሽረውን ሕግ ፈረሙ፤ በዚያው ንግግራቸው ሕጉ የማንንም የዕለት ኑሮ የሚለውጥ ታላቅ ነገር እንዳልሆነ ተናገሩ። ከደጋፊዎቹም ብዙዎቹ የሚመጣው ሰው እንደ ቀድሞው አውሮፓዊ እንደሚሆን ያምኑ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ እስያ፥ ላቲን አሜሪካና አፍሪካ በዚያ በር ገቡ። በ1980 ጂሚ ካርተር የስደተኞችን ሕግ ፈረሙ፤ በአብዮቱ ዘመን ወደ ሱዳን ተሰደው ከነበሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ የተሻገሩት በዚህ ሕግ ነው።

ዲቪንም በዚሁ ዓይን ማየት ይገባል። በ1988 ጆርጅ ኸርበርት ቡሽ ከማይክል ዱካኪስ ጋር ሲወዳደሩ ስለ ቀረጥና ስለ ወንጀል ብዙ ተባለ፤ ስለ ቪዛ ዕጣ ግን መራጩን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ቡሽ የፈረሙት ሕግ ያን ዕጣ አቋቋመ፤ ሐሳቡን በምክር ቤቱ ከገፉት አንዳንዶቹ በይበልጥ ያሰቡትም ስለ አየርላንድ ሰዎች ነበር። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በደሴ፥ በጎንደርና በአዳማ፥ ኦክቶበር ሲደርስ በኢንተርኔት ቤቱ በር ላይ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት ይለጠፍ ነበር፤ ልጅቷ መነጽሯን አውልቃ በነጭ መጋረጃ ፊት ትቀመጥ ነበር፤ አባትዋም ስሟ በፓስፖርቷ ላይ እንዳለው መጻፉን ፊደል በፊደል እየተከተለ ያረጋግጥ ነበር። በ1988 የትኛው የምርጫ ሊቅ ይህን ተናግሮ ነበር?

ስለዚህ ተንባይን የሚሰማ ሰው ሌሎች ጥያቄዎችን ጨምሮ ቢጠይቅ ይሻላል፤ ዕድሜ ልካቸውን ከሚሾሙት ዳኞች ማናቸው አርጅተዋል? በምክር ቤቱ ጓዳ ተኝቶ የሚጠብቀው የትኛው ረቂቅ ሕግ ነው? ምክትሉስ ማን ናቸው? በሥልጣን ላይ ሳሉ ስምንት ፕሬዚዳንቶች ሞተዋልና ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ትሩማን ራሳቸው ሥልጣን የያዙት በኤፕሪል 1945 ሩዝቬልት ሲሞቱ ነው። እነዚህን የሚመረምር ሰው ሁሉን ባያውቅም፥ የዕጩዎቹን ተስፋ ብቻ ከሚያደምጠው ይልቅ ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ያልታሰበው ፍጻሜም በተራው የአሸናፊውን ቆጠራ ይለውጣል። ቨርጂኒያ በ1964 ጆንሰንን ከመረጠች በኋላ፥ ከ1968 እስከ 2004 በተደረጉት 10 ምርጫዎች ሁሉ ሪፐብሊካኑን መርጣ ነበር፤ ከ2008 ጀምሮ እስከ 2024 ግን አምስት ጊዜ ለዴሞክራቱ ድምፅዋን ሰጠች። ከምክንያቶቹ አንዱ በዋሽንግተን ዙሪያ፥ በፌርፋክስ፥ በአርሊንግተንና በአሌክሳንድሪያ፥ ከልዩ ልዩ አገር የመጣው ሕዝብ መብዛቱ ነው፤ ከእርሱም መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ዜግነት አግኝተው፥ ተመዝግበው፥ በየትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰልፈው ድምፃቸውን ይሰጣሉ። የቨርጂኒያን ሐሳብ ለማወቅ የሚሻ መርማሪ ዛሬ ይህን ሰው ማግኘት አለበት፤ ከታክሲ ሥራው ሌሊት የሚመለሰውን፥ የማያውቀውን ስልክ የማያነሣውን፥ በአማርኛ ቢጠየቅ ግን ሐሳቡን ዘርዝሮ የሚናገረውን መራጭ።