ትዳሩ የፈረሰበት የውጭ አገር ተማሪና የአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ

ልጆቻቸውን ለትምህርት ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ለላኩ ነጋዴዎች አንዳንድ ጊዜ የሚደርሳቸው ወሬ፣ ልጁ የአገሩን ዜጋ አግብቶ ትዳሩ ሳይሰነብት መፍረሱ ነው። ቤተ ሰብ ወዲያው የሚፈራው ከአገር መባረርን ነው፤ ዳሩ ግን ነገሩ የሚወሰነው ፍቺው በደረሰበት ጊዜ ነው።

ፍቺው የመኖሪያ ፈቃዱን ከቀደመ በጋብቻው ላይ የተመሠረተው ማመልከቻ ይወድቃል። የተማሪነት ደንቡን ጠብቆ የቆየ ግን በትምህርቱ ሊቀጥል፣ ሲመረቅም ፈቃድ ጠይቆ እስከ 12 ወር በሙያው ሊሠራ ይችላል።

ጋብቻው 2 ዓመት ሳይሞላው የተሰጠ ፈቃድ ለ2 ዓመት ብቻ የሚጸና ነው፤ ይህን ያመጣው የይስሙላ ጋብቻን ለመከልከል በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ነው። ገደቡ እንዲነሣ ባልና ሚስት በአንድነት ያመለክታሉ። የተፋታ ተማሪ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ አያይዞ ብቻውን ሊያመለክት ይፈቀድለታል፤ ግፍ የተፈጸመበትም ፍቺውን መጠበቅ የለበትም። ሆኖም ጋብቻው በቅን ልቡና የተፈጸመ መሆኑን ማስረዳት የአመልካቹ ዕዳ ነው። ማስረጃውም ነጋዴ የሚያውቀው ዐይነት ነው፤ በሁለቱ ስም የተጻፈ የቤት ኪራይ ውል፣ የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ በአንድነት የቀረበ የግብር ማስታወቂያ። በጠቡ ሰሞን እነዚህን ወረቀቶች ትቶ ከቤት የወጣ ተማሪ፣ ኋላ ከተፋታው ሰው ደጅ ቆሞ ይለምናቸዋል።