እግሬ ጄሶ ውስጥ፣ ልቤ አውሮፕላን ላይ!

የጠፋሁት ወድጄ አይደለም። አንዳንዶቻችሁ «ሰውየው አገባ እንዴ?» እያላችሁ ጠይቃችኋል አሉ። ማግባቱስ ይቅርና ከበር ማለፍ አቅቶኝ ነው የከረምኩት። ነገሩ እንዲህ ነው።

በ2016 ዓ.ም፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ጀሞ ያለውን የወላጆቼን ኮንዶሚኒየም ደረጃ እየወጣሁ ነበር። ዝናቡ ደረጃውን አርሶታል፣ መብራት ሄዷል፣ የስልኬም ባትሪ አልቋል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ እግሬ ከዳኝ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የጎረቤት ጫጫታና የእማዬን «ልጄን!» የሚል ጩኸት ብቻ ነው። ቅልጥሜ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሐኪሙ እስከ ጭኔ ድረስ በጄሶ ጠቅልሎ «ሦስት ወር!» አለኝ።

ታዲያላችሁ ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት ብሎ ነገር የለም። አራት ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው አወጡኝ። እንግዲህ ለመውረድም አራት ጎረምሳ ልቀጥር ነው?

የመጀመሪያው ሳምንት ሠርግ ነበር ማለት ይቻላል። ዘመድ ብርቱካን እያንጠለጠለ ይመጣል፣ ጀለሶቼ ጄሶዬ ላይ እየፈረሙ ፎቶ ይነሳሉ፣ የዚያን ጊዜዋ ፍቅረኛዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጁስ ታጠጣኛለች። በሁለተኛው ሳምንት ብርቱካኑ ቀነሰ። በሦስተኛው ስልኩም ቀነሰ። እኔ የምኖረው በጻፍኩት ልክ በምትከፈለኝ ጨላ ነው፤ ለመጻፍ ደግሞ ታክሲ ተሳፍሬ፣ ካፌ ተቀምጬ የሰው ወሬ መልቀም አለብኝ። ከመስኮት የማየው የማዶውን ብሎክና ልብስ የሚያሰጡ ሴቶችን ብቻ ነው። ስለነሱ ብጽፍ ባሎቻቸው ሁለተኛውን እግሬን ይሰብሩልኛል!

28 ዓመት ሞልቶት የእናቱን እንጀራ ተኝቶ የሚበላ ወንድ ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል። ሌሊቱን ቲክቶክ ላይ አነጋለሁ፣ ቀን እተኛለሁ። እማዬ ሳህን ስታስቀምጥ እንኳ የተቆጣችብኝ ይመስለኝ ጀመር። አንድ ቀን «ጨው በዛው!» ብዬ ጮህኩባት። ምንም ሳትመልስ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ተከትያት ወጥቼ ይቅርታ እንዳልላት እግር የለኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን አባባ ነበሩ። አባባ የአውሮፕላን ጥገና ሃንጋር ውስጥ 31 ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ምኞታቸው አንድ ልጃቸው (እኔ ማለት ነኝ) የእሳቸውን ቱታ እንዲለብስ ነበር። 11ኛ ክፍል ስገባ «ናቹራል!» አሉ። እኔ ሶሻል ነበር የፈለግኩት። ግን ገባሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ፊዚክስ ጉድ ሠራኝ፤ ውጤቴ ለጥገና ትምህርት ቤቱ ቀርቶ ለሌላውም አልበቃ። ከዚያ ወዲህ እኔና አባባ የምናወራው «እንደምን አደሩ?» እና «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ነው። አሁን ደግሞ አንድ ሳሎን ውስጥ… እሳቸው ሶፋ ላይ ከዜናቸው ጋር፣ እኔ ፍራሽ ላይ ከጄሶዬ ጋር… ሦስት ወር!

አንድ ብርና ሁለት ሲኒ

ጎረቤታችን አዲስ ቴሌቪዥን ገዙና ካርቶኑን ኮሪደር ላይ አስቀመጡት። ልጃቸው፣ 11 ዓመቱ ነው፣ ከውስጡ የወጣውን ነጭ ፎም እየቆራረጠ ሰይፍ ሲሠራ ዋለና እኔ ዘንድ መጣ። «ጋሼ፣ አውሮፕላን መሥራት ትችላለህ?» አለኝ። (ጋሼ! በዚህ ዕድሜዬ!)

በእማዬ ቢላ ክንፍና ጭራ ቆርጠን ሰካን። ወረወራት፤ አፍንጫዋን ሽቅብ ቀሰረች፣ አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ከዚያ በጭራዋ ዘጭ! ደገመ፣ ያው ናት። ልጁ ተስፋ ቆርጦ ሊሄድ ሲል ኪሴ ውስጥ የነበረውን የአንድ ብር ሳንቲም አፍንጫዋ ላይ ሰካሁት። እስኪ አሁን ወርውራት… ወገኖቼ፣ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቃው ሄደች! ማረፊያዋ የእማዬ ረከቦት ሆነ እንጂ። ሁለት ሲኒ ተሰበረ። እማዬ ልትቆጣ መጣችና ፊቴን አይታ ተወችው። ለካ እየሳቅኩ ነበር።

አባባ ዜናቸውን እያዩ ነው። ዞርም አላሉ።

ያን ሌሊት ቲክቶኩን ትቼ ስለ ሬዲዮ አውሮፕላን ማንበብ ጀመርኩ። የልጅ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካ ውስጥ፣ ካላማዙ በምትባል የሚሺጋን ከተማ፣ ዋልተርና ዊልያም ጉድ የተባሉ መንታ ወንድማማቾች ከምድር ሆነው በሬዲዮ የሚነዷት ሞዴል አበረሩ። የበለጠ ያስገረሙኝ ግን ሜይናርድ ሂል የሚባሉ ሌላ አሜሪካዊ ናቸው። ሰውየው ከእንጨትና ከስስ ፕላስቲክ የተሠራች፣ ከ5 ኪሎ የማትበልጥ ሞዴል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 ከካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ አስነስተው አትላንቲክ ውቅያኖስን አሻገሯት። 38 ሰዓት ከ52 ደቂቃ በርራ አየርላንድ አረፈች! መሀል ባሕሩ ላይ በሳተላይት እየተመራች ራሷን ነድታለች፤ ስትነሳና ስታርፍ ግን በሬዲዮ የያዛት ሰው ነው። ከእሷ በፊት የላኳቸውን ባሕር በልቷቸዋል። ያኔ ዕድሜያቸው 77 ነበር፤ ዓይናቸው ለማየት ጆሯቸውም ለመስማት ደክሟል። አንድ እግሬ ተሰብሮ ዓለም ያበቃላት የመሰለኝ እኔ ምን ልበል?

ሱፐር ግሉ የበላው ክንፍ

«ሬዲዮውስ ከየት ይመጣል?» ካላችሁ እኔም ያሳሰበኝ እሱ ነበር። ድሮንና መሰል ነገር ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ ይዞ የመጣ ሰው ቦሌ ላይ ይቀማል። ስለዚህ አገር ቤት ያለውን ማራገፍ ግድ ሆነ። የጎረቤቱ ልጅ አልጋው ስር የተሰባበረ መጫወቻ ይሰበስባል። ከዚያ ውስጥ እየተገለበጠች የምትሄድ የሬዲዮ መኪና ተገኘች። መያዣዋ ላይ ሁለት ዘንግ አለ፤ የግራው የግራ ጎማዎችን፣ የቀኙ የቀኝ ጎማዎችን ያንቀሳቅሳል። ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ጎማውን አውጥታችሁ በቦታው በየክንፉ ላይ አንድ አንድ ትንሽ ሞተር ብትገጥሙ፣ ሁለቱም ሲዞሩ ወደፊት ትሄዳለች፣ የግራው ሲቆም ወደ ግራ ትታጠፋለች። ሌላ መሪ አያስፈልጋትም። ሞተሮቹንና ማራገቢያዎቻቸውን ደግሞ ከሞተች መጫወቻ ድሮን ላይ ነቀልን። ልጁ መኪናዋን ይዞ ኮሪደሩን ሄደ፣ እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ዘንጉን እጫናለሁ፤ በ37ኛው እርምጃ ላይ መስማት አቆመች። ከዚያ በላይ አትርቅም ማለት ነው።

ክንፉን 60 ሳንቲሜትር አድርጌ፣ በካተር ቀርፌ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ሁለት ቀን ለፋሁበት። ከዚያ የሠፈሩን ሱፐር ግሉ አስመጥቼ ለጠፍኩት። ጉድ እኮ ነው! ፎሙ ጭስ አውጥቶ እንደ ስኳር ሟሟ። መሀሉ ላይ ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ። ለካ ሱፐር ግሉ፣ ቤንዚንና ቲነር ይህን ዓይነት ፎም ይበሉታል። የሚያዋጣው የአናጢ ነጭ ኮላ ነው፤ ለመድረቅ አንድ ሌሊት ይፈጃል እንጂ አይጎዳውም። እናንተም ብትሞክሩ መጀመሪያ ቁራጭ ላይ አንድ ጠብታ ጣሉና እዩ።

ቀጣዩን ክንፍ በነጭ ኮላ ሠራሁት። ለወገቧ የቀርከሃ ፍላጭ ሆነ። ጭራዋ ሲወላገድ እማዬ ከስፌቷ ላይ ስንደዶ መዝዛ «ይሄ አይሻልም?» አለችኝ። ተሻለ። ለጨው ጩኸቴ ይቅርታ የጠየቅኳትም ያኔ ነው።

ፍቅረኛዬ አንድ ቅዳሜ መጥታ ፎም በፎም ሆኜ አገኘችኝ። «28 ዓመት ሙሉ ሰው አውሮፕላን ይሠራል?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ደስ አይልም ነበር። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም፣ እኔም አልደወልኩም። አልፈርድባትም፣ ቀድሞውንም ክር ላይ ነበርን። ብቻ እህቶቼ፣ ቤት የዋለ ጓደኛችሁ አንድ ነገር ሲጠጋግን ብታገኙት ቶሎ አትሳቁበት፤ ሌሊቱን ምን ሲያስብ እንዳደረ አታውቁም።

የአባባ ሁለት ጣት

ባትሪው ከአሮጌ ስልክ የወጣ ነው። ክብደቱ ለብቻው ከክንፉ ይበልጣል። መሀል ላይ ሳስቀምጠው ጭራዋ ይወርዳል፣ አፍንጫዋ ላይ ሳደርገው ትደፋለች። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ስለፋ አባባ ከሶፋው ሆነው ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ «ጭራ ከብዷታል» አሉ።

ዝም አልኩ። ለእኔ መሆኑንም እርግጠኛ አልነበርኩም።

ተነሱ። መጥተው ፍራሼ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ሁለት ጣታቸውን ከክንፉ ስር አስገብተው አነሷት። «የክንፉን ስፋት ከፊት ወደ ኋላ ለአራት ክፈለው። ጣትህ ከፊተኛው ሩብ ትንሽ አለፍ ብሎ ሲያርፍ ሚዛኗን ጠብቃ መቆም አለባት። ትልቁም ትንሹም አውሮፕላን ያው ነው።» ባትሪውን ሁለት ጣት ያህል ወደፊት ገፉት። ቆመች! ከዚያ ክንፏን እያዩ «ይሄ ለምን ተጋደመ? ጫፎቹን ትንሽ ሽቅብ ቀና አድርግ፣ አንዱ ጎን ሲያጋድል ራሷን ትመልሳለች» አሉ። በሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ረጅም ወሬ ነግረውኝ አያውቁም።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቆማቸው! «ፀሐይ»ን ታውቃለህ ወይ አሉኝ። በ1928 ዓ.ም እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ በጀርመናዊ መሐንዲስ መሪነት የተሠራችው፣ በንጉሡ ልጅ ስም የተሰየመችው፣ ሁለት ሰው የምትይዘው አውሮፕላን ናት። ጣሊያን ወስዷት ጥር 2016 ላይ ስትመለስ አባባ በቴሌቪዥን እያዩ እንባ እንደመጣባቸው እማዬ ሹክ ብላኛለች። እኔ ያን ቀን ቤት ነበርኩ። ሌላው ክፍል ውስጥ ተኝቼ።

ብየዳውን ያደረግነው ማታ ነው፤ እሳቸው በያጅ፣ እኔ ያዥ። ግማሽ ላይ ስንደርስ መብራት ሄደ። በስልኬ አበራሁላቸው። አባባ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ቀና ሳይሉ፣ «ናቹራል ግባ ያልኩህ እኔ ነኝ። አንተ አልፈለግክም ነበር» አሉ።

«ኧረ አባባ፣ እንዲህ አይበሉ…» አልኩ።

«መብራቱን ቀና አድርገህ ያዝ» አሉኝ።

ቀና አድርጌ ያዝኩ። እጄ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስለ ባትሪው አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አባባ በጣም የሚቆጡበት ነው። የስልክ ባትሪ ሊቲየም ነው፤ ከተበሳ ወይም ሁለቱ ጫፎቹ ከተነካኩ ይነዳል። ያበጠ ከሆነ ጭራሽ አትጠቀሙበት። ቻርጅ ስታደርጉም በብረት ትሪ ላይ፣ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ይሁን። ተኝታችሁ አይደለም!

እሁድ ጠዋት

ጄሶው መስከረም መጨረሻ ላይ ተፈታ። እግሬ ቀጥኖ የሰው እግር መስሏል። በጥቅምት 2017 አንድ እሁድ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በክራንች 4 ፎቅ ወርጄ ወደ ሠፈሩ ትምህርት ቤት ሜዳ ሄድን። የጥበቃውን ሰው አስቀድመን አስፈቅደናል። አባባ ኮት ለብሰዋል፤ ወደ ሥራ የሚሄዱ ነው የሚመስሉት። ልጁ አውሮፕላኗን እንደ ታቦት ተሸክሞ ከፊት ይሄዳል። በባለሱቁ ሚዛን 75 ግራም ወጥታለች።

አባባ ወረወሯት፣ እኔ ሁለቱንም ዘንግ ተጫንኩ። በመጀመሪያው ሙከራ 11 ሴኮንድ ሄዳ ሳር ላይ ተደፋች። አባባ ባትሪውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡት። በሁለተኛው… ወጣች! ከጎል ብረቱ በላይ፣ ከክፍሎቹ ጣሪያ በላይ። ግራውን ለቀቅኩ፣ ወደ ግራ ዞረች። ቀኙን ለቀቅኩ፣ ተመለሰች። ልጁ ከስሯ እየሮጠ ይጮሃል። አባባ እጃቸውን ከዓይናቸው በላይ አድርገው ያዩዋታል፤ አፋቸው ተከፍቷል። እኔ ደግሞ እሳቸውን እያየሁ ዘንጉን ረሳሁት። ከሬዲዮው ክልል ወጣች፣ ሞተሮቹ ዝም አሉ፣ እሷ ግን ሳትደነግጥ እየተንሳፈፈች አጥሩን ዘልላ ባሕር ዛፍ ላይ ተሰቀለች። 41 ሴኮንድ። ልጁ በስልኬ ቆጥሮታል።

ዛፉ ላይ ወጥቶ ሲያወርዳት አንድ ክንፏ ተሰብሯል። አባባ ተቀብለው ገለባብጠው አዩዋት፣ ከኮታቸው ኪስ እስክሪብቶና የድሮ ደረሰኝ አውጥተው ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመሩ።

«ለሚቀጥለው ክንፉን አሥር ሳንቲም እንጨምራለን። ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም አንተ አስላው» አሉኝ።

«ፊዚክስ ነው?» አልኳቸው።

«ፊዚክስ ነው» አሉና ደረሰኙን ሰጡኝ።