ዘ ኤክስ፦ ሽለላን ቤት ያስገቡት ሆላንዶች

ስለ ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን የሚያወራ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል። ጋሽ ጌታቸው በመጨረሻዎቹ የሕይወት ዘመናቸው ውጭ አገር ከማን ጋር መድረክ ላይ ይወጡ እንደነበር ብትጠይቁ ግን መልስ የሚሰጣችሁ ጥቂት ነው። አጃቢዎቻቸው ሆላንዶች ነበሩ። ያውም ከሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጡ፣ ኖታ ፊታቸው ዘርግተው የሚጫወቱ አይደሉም፤ ጊታር መግረፍ የሚወዱ የአምስተርዳም ፐንኮች ናቸው። ባንዱ ዘ ኤክስ ይባላል። ከሬዲዮ ጋር ብዙም አይተዋወቅም፣ ለትልቅ ኩባንያም ፈርሞ አያውቅም። ከ1979 ጀምሮ ግን (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሳይበተን ዛሬም አለ።

የተወለደበትን ጊዜ ማወቅ ባንዱን ለማወቅ ይረዳል። በዚያ ዘመን አምስተርዳም ውስጥ ወጣቱ ቤት አጥቶ ሲንከራተት፣ ባለንብረቶች ዋጋ እስኪወጣ እየጠበቁ ቆልፈው የተዉዋቸው ሕንፃዎች ደግሞ በየመንደሩ ነበሩ። ወጣቶቹ እየገቡ ያዟቸው። ሚያዝያ 30 ቀን 1980 ንግሥት ቤአትሪክስ ዙፋን ስትወርስ ከተማዋ በተቃውሞና በጭስ ታፈነች፤ መፈክሩም ቤት ከሌለ ዘውድ የለም የሚል ነበር። በተያዙት ቤቶች ውስጥ የጋራ ማዕድ ቤት፣ ማተሚያ፣ የመለማመጃ ክፍልና ርካሽ የሙዚቃ አዳራሽ ተከፈተ። ፐንክ ያደገው እዚያ ነው። የዘ ኤክስ ልጆች ስም ሲያወጡ መመዘኛቸው አንድ ነበር፤ ፖሊስ ሳይደርስ ግድግዳ ላይ በቀለም ተረጭቶ የሚያልቅ አጭር ስም መሆን አለበት። ማን ጊታር፣ ማን ድራም፣ ማን ድምፅ እንደሚይዝ የወሰኑት ደግሞ ዕጣ ተጣጥለው ነው። የሚጫወተውን መሣሪያ በዕጣ ያገኘ ሰው፣ እንዲህ ነው የሚያዝ ያለው መምህር ስለሌለው፣ ክሩን እንደ ከበሮ ቢመታው ማንም አይቆጣውም። ይህ ነገር በኋላ ይጠቅመናል።

ባንዱ ገና ከጅምሩ ሥራውን በራሱ ማሳተም ለመደ። በ1986 ስለ ስፔን አብዮት ያወጡት ሥራ ሁለት ትንንሽ ሸክላዎች ያሉት የፎቶግራፍ መጽሐፍ ነው፤ ዛሬም አሮጌ ሸክላ የሚሰበስቡ ሰዎች ይፈልጉታል። እንግዳ መጋበዝም ቀደም ብለው ነው የጀመሩት። በ1991 ከአሜሪካዊው የቼሎ ተጫዋች ከቶም ኮራ ጋር ያወጡት አልበም ከፐንክ ሰፈር ካልሆነ ብዙ ሰው ጋር አስተዋውቋቸዋል። ከመሥራቾቹ መካከል እስከ ዛሬ የቀረው ጊታሪስቱ ቴሪ ሄሰልስ ነው። ድራሚስቷ ካትሪና ቦርንፌልድ በ1984፣ ስኮትላንዳዊው ጊታሪስት አንዲ ሙር በ1990፣ ድምፃዊው አርኖልድ ደ ቡር በ2009 ተቀላቀሉ።

ከእኛ ጋር ያገናኛቸው የቴሪ ጆሮ ነው። ቴሪ ካሴት ፈላጊ ነው። የኢትዮጵያን ዘፈን ከወደደ በኋላ ርቆ ሆኖ ማድነቅ አልበቃውም፤ በ2002 ባንዱን ይዞ ኢትዮጵያ ገባና በየከተማው ተጫወቱ፤ በ2004ም ተመለሱ። በዚያው ዓመት አምስተርዳም ውስጥ 25ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ከጋበዟቸው ሙዚቀኞች አንዱ ጌታቸው መኩሪያ ነበሩ። ጋሽ ጌታቸው ያኔ ወደ ሰባ ዓመት ይጠጋሉ። መጀመሪያ የተጫወቱት አይሲፒ ከሚባለው ኦርኬስትራ ጋር ነው፤ ይህ ኦርኬስትራ ከ1967 ጀምሮ በሆላንድ የፈጠራ ጃዝ ግንባር ቀደም የሆነ ስብስብ ነው። ጨዋታውን ከጨረሱ በኋላ ግን ዓይናቸው ያረፈው በጋባዦቻቸው ላይ ነበር፤ ቀጣዩ ሥራዬ ከእናንተ ጋር ይሁን አሉ። «ሞዓ አንበሳ» የተባለው አልበም በ2006 ወጣ። «የአንበሳው ትዝታ» በ2012 ተከተለ።

አንጋፋ የቴአትር ቤት ሙዚቀኛ የፐንክ ባንድ መረጡ ሲባል እንደ ቀልድ ይሰማል። ምርጫው ግን ጆሮ ያለው ሰው ምርጫ ነው። ምክንያቱን ለማየት ወደ ሽለላው መሄድ ያስፈልጋል።

ጋሽ ጌታቸው በ1935 ይፋት ተወለዱ። ጣታቸውን ያፍታቱት በክራርና በማሲንቆ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገቡ፤ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወሩ። ስማቸውን የተከለው ግን ሽለላን ከሰው ጉሮሮ አውጥተው ሳክስፎን ውስጥ ማስገባታቸው ነው። ሽለላ የዘማች ድምፅ ነው፤ ሸላዩ ቃሉን ይወረውራል፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይጎትታል፣ ይሰብራል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ ሌላ ይወረውራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ተብሎ የሚቆጠር ምት የለውም። ጋሽ ጌታቸው የሸላዩን መንቀጥቀጥ፣ ጉርምርምታውንና ጩኸቱን አንድም ሳያስቀሩ በከንፈራቸውና በሸምበቆዋ ቁራጭ አወጡት፤ መድረክ ላይም ጎፈር ደፍተው፣ ለምድ ደርበው ይቆሙ ነበር። የውጭ ሃያሲዎች ከአሜሪካ ነፃ ጃዝ ሳክስፎኒስቶች፣ ከኦርኔት ኮልማንና ከአልበርት አይለር ጋር ሊያወዳድሯቸው ይወዳሉ። ማወዳደሩ ባይከፋም፣ የእነዚያ ሰዎች ሸክላዎች የወጡት ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው፤ የይፋቱ ሰው በዚያ ጊዜ ሽለላቸውን በሳክስፎን ማሰማት ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረው ነበር። የተቀዱትም ከአሜሪካ ነፃ ጃዝ ሳይሆን ከዘማች አባቶቻቸው ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ድምፅ ማን ያጅበው? በደንብ የተማረ የጃዝ ፒያኒስት ከሥሩ ኮርድ ይደረድርለታል፤ ኮርዱ ተራ በተራ ሲለዋወጥ ሸላዩ ሳይወድ በግድ ወደ ምዕራቡ መንገድ ይገባል። አምስት ድምፅ ያለው የእኛ ቅኝት የሚጨነቀው በዚህ ጊዜ ነው። መሣሪያ በዕጣ የተካፈሉት ዘ ኤክሶች ግን ኮርድ መለዋወጥ አመላቸው አይደለም። አንዱ ጊታር አንድ ነገር ይዞ ይደጋግማል፣ ሁለተኛው በጎን ይቧጭራል፣ ካትሪና እስክስታ የሚያስመታ ምት ታሽከረክራለች፤ በላዩ ያለው ሜዳ ባዶ ነው። ጋሽ ጌታቸው እዚያ ሜዳ ላይ እንደልባቸው ፈረሳቸውን አስጋለቡ። ክላሪኔት፣ አልቶ ሳክስፎንና ትሮምቦን የያዙ እንግዶችም ተጨምረው «ሞዓ አንበሳ» ላይ የዋልያስ ባንድን «ሙዚቃዊ ስልት» ሲጫወቱት፣ ከ1970ዎቹ የሆቴል ምሽት ተነሥቶ ጎዳና የወጣ ይመስላል። እንደኔ ግን ከአልበሙ ሁሉ የሚበልጠው ጊታሮቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሽማግሌው ብቻቸውን የሚሸልሉበት ቦታ ነው። በ2008 ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ሳይቀር አብረው ተጫውተዋል። ጋሽ ጌታቸው በሚያዝያ 2016 በ81 ዓመታቸው አረፉ።

የቴሪ ሌላው ሥራ ቴርፕ የተባለችው ሙዚቃ ቤት ናት። ሙዚቃ ቤት ስል አምባሰልን ወይም ካይፋን አታስቡ፤ ቴርፕ በጥቂት ቅጂ የምታሳትም የአንድ ሰው ቤት ሥራ ናት ማለት ይቀላል። የምታሳትመውም ባለቤቱ የወደደውን ነው። ይሸጣል አይሸጥም የሚል ስሌት ስለሌለ ሌላው ደፍሮ የማያወጣውን አወጣች። ዓይነ ስውሩ መሐመድ ጂሚ መሐመድ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈኖች በክራርና በድራም ብቻ ሲዘፍን የሚሰማበት «ተቀበል» በ2006 የወጣው በእርሷ ነው፤ ጂሚ ያው ዓመት ሳያልቅ አረፈ። በሸራተን መድረክ ያልተለመደ፣ በጠጅ ቤት ግን ማንም የሚያውቀው ዓይነት ዘፈን ነው። የዘርፉ ደምሴ በገናም በቴርፕ ታትሟል።

ለሮተርዳም ሰዎች ደግሞ የቅርብ ታሪክ አለ። ኤርትራዊቷ ክራር ደርዳሪና ድምፃዊት ፀሃይቱ በራኺ፣ በአስመራ ስማቸው የገነነው እናት፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በስደት የኖሩት ሮተርዳም ውስጥ ነበር። ወደብና ፋብሪካ በሞላበት ከተማ ከአገራቸው ሰው በቀር ማንነታቸውን የሚያውቅ አልነበረም ማለት ይቻላል። ቴሪ ፈልጎ አገኛቸው። «ሰላም» የተባለው ባለ ሁለት ሲዲ ሥራቸው በ2004 ከቴርፕ ወጣ። ዘ ኤክስም በዚያው ዓመት ባወጣው «ተርን» በተባለው አልበሙ ውስጥ «ሑርየት» የሚል፣ ከኤርትራ የነፃነት ዘፈን የተወሰደ ሥራ አለው፤ የምትዘፍነው ካትሪና ናት። በዚያው አልበም ላይ «ጌታቸው» የሚባል ዘፈንም ይገኛል። ፀሃይቱ ኋላ ወደ ኤርትራ ተመልሰው በ2018 አረፉ። ከማዕከላዊ ጣቢያው በትራም የምትደርሱባቸውን እናት ሥራ ለማግኘት አፍሪካ ድረስ የሄደ ሰው አስፈለገ፤ ሮተርዳም የነበርን ሐበሾች ይህን ስንሰማ ትንሽ ብናፍር አይበዛብንም።

እንዲህ ያሉ ባንዶች የት ይገኛሉ? አምስተርዳም ውስጥ ሌይድሰፕላይን አደባባይ አጠገብ ያለው ፓራዲሶ በ1968 ከቤተ ክርስቲያንነት ወደ ሙዚቃ አዳራሽነት የተለወጠ ሲሆን አሁን ለታዋቂዎቹ ነው። ትንሹና ያልታወቀው የሚጫወተው በፎንደልፓርክ ጫፍ፣ በአምስተልፌንሰዌህ መንገድ ላይ ባለው ኦኪ ነው፤ ከቤት መያዙ ዘመን የተረፈ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚተዳደር አዳራሽ ነው። መግቢያው ርካሽ፣ ድምፁ ግን ርኅራኄ የለውምና ባንኮኒው ላይ የጆሮ መድፈኛ ጠይቁ። በ1974 የተከፈተውና በ2005 ወደ ውኃው ዳር የተዛወረው ቢምሃውስ የጃዙ ቤት ነው። ሮተርዳም ውስጥ ወርም የተባለው አዳራሽ፣ ሄግ ውስጥ በየፀደዩ የሚደረገው ሪዋየር ፌስቲቫል አሉ። ትልቁ ፌስቲቫል ኖርዝ ሲ ጃዝም ከ1976 እስከ 2005 የሄግ ነበር፤ አሁን ሮተርዳም ነው፤ እዚያ ግን ያልታወቀ ነገር ፍለጋ ባትሄዱ ይሻላል፣ ትኬቱም ኪስ ይጎዳል። ሸክላ የፈለገ አምስተርዳም ውስጥ በኡትረኽትሰስትራት መንገድ ከ1955 ጀምሮ ያለውን ኮንቸርቶን ይጎብኝ። የሱቁን ሰው አትፈሩት፤ ይህን ከወደድሁ ምን ልስማ ብሎ መጠየቅ እዚህ ነውር አይደለም። ሸክላውን ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ፤ ባሱን የመታው ማን ነው፣ ክላሪኔቱስ የማን ነው? ያንን ስም ተከትላችሁ ብትሄዱ፣ ማሽኑ መርጦ ከሚያቀርብላችሁ የዘፈን ዝርዝር የተሻለ ቦታ ትደርሳላችሁ። ሩቅ ያላችሁ ደግሞ የዘ ኤክስን ሥራ ባንድካምፕ ላይ ታገኛላችሁ።

ከባዱን ድምፅ የማይወድ፣ ሥራ እየሠራ ወይም ማታ መጽሐፍ ይዞ ቀስ ያለ ሙዚቃ የሚፈልግ ሰው በ«ሞዓ አንበሳ» አይጀምር። ድሬዳዋ ተወልዳ ሆላንድ የምትኖረውን ድምፃዊት ምንይሹን ይስማ፤ በ2018 ያወጣችው «ዳ ዲ» ለስለስ ያለ ነው። ከዚያ የፀሃይቱን «ሰላም» ክፈቱ፤ ክራሩ ቅርብ ነው፣ ድምፁ ቤት ውስጥ የተቀመጡ እናት ድምፅ ነው፣ ትግርኛ ባታውቁም ያዘልቃል። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ በኤትዮፒክ የሲዲ ተከታታይ በ2006 ከወጣ ወዲህ በአምስተርዳም ቡና ቤቶች እየተለመደ መጥቷል፤ ቡና ሲፈላ ቢሰማ የሚከፋኝ አይደለሁም። የዘርፉ ደምሴ በገና ላይ ግን አልስማማም። አንድ ሁለት ቦታ ከማሽን ቡና ጩኸት በታች ሲንዘረዘር ሰምቻለሁ። ለሆላንዱ የሚያረጋጋ ዝግ ያለ ድምፅ ነው፣ አይፈረድበትም። እኔ ግን ሁዳዴ ላይ ያደግሁበት ድምፅ ስለሆነ ማኪያቶዬን አስቀምጬ ሒሳብ ጠየቅሁ።