አሮጌ የሞቶክሮስ ሞተር ብስክሌት፦ እንዴት ይለያል፣ እንዴት ይታደሳል

ሞቶክሮስ አስፋልት በሌለበት፣ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ጭቃና ጉብታ በበዛበት ዝግ ዙር ላይ የሚካሄድ የሞተር ብስክሌት ውድድር ነው። ለውድድሩ ተብሎ የሚሠራው ሞተር ብስክሌት መብራት፣ ጥሩምባ፣ የፍጥነት መለኪያም ሆነ የሰሌዳ ማሰሪያ የለውም። ለፍጥነት የማይጠቅም ነገር ሁሉ ከፋብሪካው ሳይወጣ ተቀንሶለታል። ከእነዚህ መካከል በሰብሳቢዎችና በአዳሾች ዘንድ «አሮጌ» የሚባሉት በአብዛኛው እስከ 1974 ገደማ የተሠሩት ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ድንበሩ የተሰመረው ያለ ምክንያት አይደለም። እስከዚያ ድረስ የኋላ ጎማ ወደ ላይና ወደ ታች የሚጫወተው 10 ሴንቲ ሜትር፣ የፊቱ ደግሞ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የኋላው ከሁለት እጥፍ በላይ አደገ፤ የሞተር ብስክሌቱ ቁመናም አብሮ ተለወጠ።

የውድድሩ መነሻ በ1924 በእንግሊዝ አገር ካምበርሊ አጠገብ የተደረገው የገጠር እሽቅድምድም ነው። የዓለም አቀፉ የሞተር ብስክሌት ፌዴሬሽን የአውሮፓ ሻምፒዮና በ1952 ተጀመረ፤ በ1957 የ500 ሲሲው ክፍል የዓለም ሻምፒዮና ሆነ፤ በ1962 የ250 ሲሲው ተከተለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሜዳውን የያዙት ባለ አራት ምት ከባድ ሞተሮች ነበሩ። እንግሊዛዊው ጄፍ ስሚዝ በቢ ኤስ ኤ በ1964 እና በ1965 ሲያሸንፍ የዚያ ዘመን ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። በ1966 ምሥራቅ ጀርመናዊው ፓውል ፍሪድሪክስ የቼኮዝሎቫኪያውን ሲ ዜድ ይዞ በትልቁ ክፍል አሸነፈና ድሉን ሁለት ዓመት ደገመው። ሲ ዜድ ባለ ሁለት ምት ነበር፤ ባልቦላ የለው፣ የካርተር ዘይት የለው፣ ክብደቱም ቀላል። ከዚያ ወዲህ ለሠላሳ ዓመታት ያህል የሞቶክሮስ ድምፅ የሁለት ምት ሞተር ጩኸት ሆነ። በ1970 ቤልጂጋዊው ዦኤል ሮቤር በሱዙኪ ሲያሸንፍ የጃፓን ፋብሪካዎች ተራ መጣ። በ1973 ደግሞ ስዊድናዊው ሆካን አንደርሶን ከኋላ አንድ አሞርዛተር ብቻ ባለው ያማሃ የ250 ሲሲውን ዋንጫ ወሰደ። የአንድ አሞርዛተሩ አሠራር የቤልጂጋዊው መሐንዲስ የሉሲየን ቲልኬንስ ሐሳብ ነበር፤ ከላይ የተጠቀሰውን ድንበር ያሰመረውም በዋናነት ይኸው ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ገጠር በብዛት የገባው ንጹሑ የውድድር ሞተር ብስክሌት ሳይሆን የቅርብ ዘመዱ ነው። ያማሃ በ1968 ዲቲ 1ን ሲያወጣ የሞቶክሮስን ሻንሲና ሞተር ከመብራትና ከሰሌዳ ጋር አዋህዶ ለተራው ነጂ አቀረበ። የእሱ ተከታዮች የሆኑት ዲቲ 125፣ ለእርሻ ሥራ የተሠራው ኤጂ 100፣ እንዲሁም የሆንዳው ኤክስ ኤልና የሱዙኪው ቲ ኤስ በግብርናና በጤና ሠራተኞች እግር ሥር ብዙ ዳገት ወጥተዋል። ከይርጋ ጨፌ ከተማ ወጣ ብላ እንደምትገኘው እንደ ኮንጋ ባሉ የጌዴኦ ቀበሌዎች የእነዚህ ማሽኖች ጥቅም ያለ ማብራሪያ ይገባል። ከዋናው የዲላ–ሞያሌ አስፋልት ተገንጥሎ ወደ ቡናውና ወደ እንሰቱ የሚገባው መንገድ ቀይ ሸክላ አፈር ነው፤ በዝናብ ጊዜ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ቁልቁለቱም አይጣል ነው። ዛሬ በዚያ መንገድ ላይ በብዛት የሚታየው ባለ አራት ምቱ የህንድ ሥራ፣ ባጃጅ ቦክሰር ወይም ቲ ቪ ኤስ ነው። አሮጌው ባለ ሁለት ምት የሚገኘው ይበልጡን በመጋዘን ጥግ፣ ከማዳበሪያ ከረጢትና ከተሰበረ ወንበር ሥር ነው። አለያየቱም አስተዳደሱም ከውድድሩ ወንድሙ ጋር አንድ ነው።

መለየት የሚጀምረው ዓይን መጀመሪያ ከሚያርፍበት ከሰልባትዮው መሆን የለበትም። ሰልባትዮ በጥቂት ቡሎን ይፈታል፤ ከሌላ ዓመት ሥሪት ላይ ተነሥቶ ይገጠማል፤ የተለጠፈበት ስምም የገበያ ነው። ፓራፋንጎ፣ መቀመጫና ማርሚታም እንደዚሁ ናቸው። እውነቱን የሚናገሩት ሁለት ቦታ የተመቱ ቁጥሮች ናቸው። የሻንሲው ቁጥር መሪው በሚዞርበት የሻንሲው አንገት ላይ፣ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ካርተሩ ላይ ይገኛል። አንገቱ በቅባትና በአፈር ስለሚሸፈን በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ በሽቦ ብሩሽ አይፋቅም፤ ብሩሹ ጥልቀት የሌላቸውን ፊደላት ይበላቸዋል። የጃፓን ሞተር ብስክሌቶች ቁጥር ብዙውን ጊዜ በሞዴሉ መለያ ይጀምራል፤ ከመለያው በኋላ ያለው የምርት ተራ ቁጥር ነው። 17 ፊደልና ቁጥር ያለው ወጥ አጻጻፍ የመጣው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስለሆነ፣ በዚያ አጻጻፍ የተመታ ሻንሲ የ1972 ሥሪት ነው ቢባል አይታመንም። በስፔኑ ቡልታኮ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከፋብሪካ አንድ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ካልተመሳሰለ ሞተሩ ተቀይሯል ማለት ነው። በሌሎች ፋብሪካዎች ግን የሁለቱ ቁጥር አለመመሳሰል ብቻውን ጥፋት አያሳይም።

በኢትዮጵያ ሦስተኛ ምስክር አለ፤ ሊብሬው። ሁለቱም ቁጥሮች ሊብሬው ላይ ስለሚሰፍሩ ገዢ ዋጋ ከመናገሩ በፊት ማመሳከር ይጠበቅበታል። ፊደላቱ የተንጋደዱ፣ ጥልቀታቸው የተለያየ ወይም ከሥራቸው ያለው ብረት በሞላ የተላገ ከሆነ ቁጥሩ እንደገና ተመትቷል። እንዲህ ያለ ማሽን የቱንም ያህል ቢያምር ትቶ መሄድ ነው የሚሻለው።

ቁጥሩ በዝገት ከጠፋ አካሉ ራሱ ዕድሜውን ይናገራል። ከኋላ ሁለት አሞርዛተር ኖሮት የታችኛው ጫፋቸው ከኋላ ቸርኬ መሐል አጠገብ የታሰረ ከሆነ የውድድሩ ማሽን በአብዛኛው ከ1974 በፊት የተሠራ ነው። አሞርዛተሮቹ ወደ ፊት ተስበው ከተጋደሙ የ1974 እስከ 1979 ገደማ ሥራ ነው። በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተርና ከፊት የዲስክ ፍሬን ከታየ 1980ዎቹ ውስጥ ተገብቷል። የካምቢዮ መርገጫውም ይረዳል። የእንግሊዝና የስፔን ሥራዎች እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ በቀኝ እግር ይቀየሩ ነበር፤ ወደ ግራ የተዛወሩት የአሜሪካ ሕግ ስላስገደዳቸው ነው።

ከዚህ ሌላ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ መልክ አለው። የ1960ዎቹ አጋማሽ ሲ ዜድ ከአንድ ሲሊንደር ሁለት ማርሚታ ያወጣል። የስዊድኑ ሁስክቫርና ሰልባትዮ ቀይ ሆኖ ጎኑ በክሮም ያበራል። የቡልታኮ ሰልባትዮ ፋይበር ግላስ ነው። ሆንዳ በ1973 ያቀረበው ሲ አር 250 ኤም ኤልሲኖር ሰልባትዮው አሉሚኒየም ነው። ብዙ የሚያሳስተው ግን ዲቲን አራቁቶ የያማሃን የውድድር ማሽን፣ ዋይ ዜድን፣ አስመስሎ ማቅረብ ነው። መብራቱ ቢነሣም የመብራቱ ማሰሪያ ጆሮ፣ የቁልፉ ቦታና ከሞተሩ ጎን ዘይት የሚረጨው ትንሽ ፓምፕ ይመሰክራሉ። በውድድሩ ማሽን ላይ ፓምፕ የለም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር በእጅ ይደባለቃል። ኤጂ 100ን ለመለየት ግን ምርመራ አያስፈልግም፤ ካቴናው ሙሉ በሙሉ በቆርቆሮ ተሸፍኗል፤ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አለው።

ማንነቱ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የዕድሳቱ መጠን ነው። ብዙ አዳሽ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ክሮሙን አስነክሮ፣ ቀለሙን ከፋብሪካው ይበልጥ አብርቶ፣ ሞተሩን ግን ሳይከፍት ይተወዋል። የመጀመሪያው ቀለም ቢላላጥም ከአዲስ ቀለም ይበልጣል፤ አንድ ጊዜ ከተፋቀ አይመለስም። ይሁን እንጂ አሮጌ ነገር ሁሉ ደግ አይደለም። ሱዙኪ በ1971 ያወጣው ቲ ኤም 400 ጉልበቱን ሳይታሰብ በአንዴ የሚለቅ፣ ነጂውን የሚጥል ማሽን ስለነበር ባለቤቶቹ ቮላኖውን በከበደ ይቀይሩት ነበር። ለሙዚየም የሚታደሰው እንደ ተወለደ ይተው፤ የሚነዳው ግን እንዲህ ያለውን እርማት ማግኘቱ ነውር የለውም።

መፍታት ከመጀመሩ በፊት ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ ይነሣል። የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና የኬብሎች አካሄድ በቅርብ ይነሣል። ቡሎንና ዳዶ ከተነሡበት ክፍል ጋር ለየብቻ በከረጢት ይቀመጣሉ። ለዓመታት ያልተነሣ ሞተር በእርግጫ መሞከር የለበትም፤ ዝገቱ ከፒስተኑ ፋሻ ጋር ተያይዞ ሲሊንደሩን ይቧጥጣል። በካንዴላው ቀዳዳ ቀጭን ዘይት ፈስሶ አንድ ሁለት ቀን ያድራል፤ ከዚያ ቮላኖው በእጅ ቀስ ተብሎ ይዞራል።

የሁለት ምት ሞተር ዋና ሚስጥር ካርተሩ ነው። ቤንዚንና አየሩ ወደ ሲሊንደር ከመግባቱ በፊት ፒስተኑ ሥር ካርተር ውስጥ ይታመቃል፤ ስለዚህ ካርተሩ አየር ማስወጣትም ማስገባትም የለበትም። የክራንክ ሻፍቱን ሁለት ጫፍ ዙሪያ የሚያሽጉት ፓራኦሊዮዎች ጎማ ስለሆኑ ከዕድሜ ብዛት ይደርቃሉ። በቮላኖ በኩል ያለው ከቀደደ ሞተሩ ትርፍ አየር ይስባል፤ ቅይጡ ይቀጥናል፤ የፒስተኑ አናት ሳይታሰብ ይቀልጣል። በፍሪሲዮን በኩል ያለው ከቀደደ የካምቢዮ ዘይት ይጠጣል፤ በማርሚታው የማያቆም ነጭ ጭስ ይወጣል።

ፍተሻው ርካሽ ነው። የካርቡሬተሩና የማርሚታው ቀዳዳዎች በጎማ ይደፈናሉ፤ በካንዴላው ቀዳዳ የጎማ ቫልቭ የተበየደበት አሮጌ ካንዴላ ይታሰራል፤ በእጅ ፓምፕ 0.4 ባር ያህል አየር ይሞላል። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ለዚህ አይሆንም፤ ፓራኦሊዮውን ገፍቶ ያወጣዋል። መለኪያው ለአምስት ስድስት ደቂቃ ካልወረደ ሞተሩ ደኅና ነው። ከወረደ የሳሙና ውሃ በጓርኒሲዮኖቹ፣ በቴስታታው ሥርና በቮላኖው በኩል ይቀባል፤ አረፋ የሚነፋበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ይህን ፍተሻ ሳያደርጉ አዲስ ፒስተን መግጠም ገንዘብን ማቃጠል ነው።

ሲሊንደሩ ከተቧጠጠ ሬቲፊካ ይደረጋል። ቅደም ተከተሉ መገለባበጥ የለበትም፤ መጀመሪያ የሚገኘው ፒስተን ይገዛል፣ ከዚያ ቶርኖ ቤቱ ሲሊንደሩን በዚያ ፒስተን ልክ ይቆርጣል። የትርፍ መጠን ፒስተኖች በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር እየጨመሩ ስለሚመጡ፣ ሲሊንደሩ ቀድሞ ተቆርጦ ልኩ ፒስተን ቢጠፋ ሥራው ከንቱ ይሆናል። አዲሱ ፋሻ ብቻውን ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ይለካል፤ በብዙዎቹ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከሬቲፊካ በኋላ የሲሊንደሩ መስኮቶች ጠርዝ በሞረድ ይለዝባል፤ ስለት ሆኖ ከቀረ ፋሻውን ይሰብራል። ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ቢየላ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቃነቅ ጨዋታ ከተሰማ ክራንክ ሻፍቱ ተከፍቶ ኩሽኔታው ይቀየራል። ይህ ግን ፕሬስና ትክክለኛ መለኪያ ይጠይቃል፤ በመዶሻ አይሞከርም።

የፑንቲናው ክፍተት ከተስተካከለና ካንዴላው ከተቀየረ በኋላ የሚቀረው ካርቡሬተር ነው፤ ለጌዴኦ አካባቢ አዳሽ ከመጽሐፉ መለየት ግድ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። የፋብሪካው መመሪያ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። ዲላ 1,570 ሜትር ገደማ፣ ኮንጋ ደግሞ 1,900 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። በኮንጋ አየሩ ከባሕር ጠለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያው ቀዳዳ በዚያው መጠን ይወርዳል። ቅይጡ ይወፍራል፤ ሞተሩ ይንተባተባል፣ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፤ ብዙ መካኒክም ቦቢናው ሞቷል ብሎ ይቀይራል። መፍትሔው ዋናውን ጄት፣ ማለትም ቤንዚን የሚለካውን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ቡሎን፣ በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ማሳነስ፣ የካርቡሬተሩን መርፌም አንድ እርከን ዝቅ ማድረግ ነው። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ዳገት ወጥቶ በድንገት ጠፍቶ ካንዴላው ሲወጣ ነጩ ሸክላ ቡናማ ከሆነ ልኩ ተገኝቷል። ነጣ ካለ ቅይጡ ቀጥኗል፤ ወዲያው መታረም አለበት። በዚህ ጄት የተስተካከለ ሞተር ወደ ቆላ ሲወርድም ቅይጡ ስለሚቀጥን የቀድሞው ጄት በኪስ መያዝ አለበት።

ሻንሲው የሚመረመረው ሞተሩ ከወረደ በኋላ ነው። የሚሰነጠቀው በብዛት አንገቱ ሥርና የአሞርዛተሩ የላይኛው ማሰሪያ አጠገብ ነው፤ ስንጥቁ የፀጉር ያህል ስለሆነ በስቱኮና በቀለም የተሸፈነውን መፋቅ ግድ ነው። የኋላ ሹካው የሚሽከረከርበት ቡሽ ለረጅም ጊዜ በጭቃ የሠራ ከሆነ ሁልጊዜ ያልቃል። የብረት ሰልባትዮ ውስጡ ሲዝግ ጥቂት ዳዶዎች ከነጭ ጋዝ ጋር ገብተው ይናጣሉ፤ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ወዲያው ዘይት ይቀባል። ፋይበር ግላስ ለየት ያለ ጥንቃቄ ይሻል፤ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ሙጫውን ያለሰልሰዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2008 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር ይደባለቅ ስለነበር፣ በዚያ ዘመን ቤንዚን ተሞልቶ የተቀመጠ ፋይበር ግላስ ሰልባትዮ ተከፍቶ መታየት አለበት።

የታደሰው ሞተር በመጀመሪያ ቀን አይጋለብም። ቤንዚኑ አንድ ሊትር ዘይት ለሃያ ሊትር ሆኖ ይደባለቃል፤ ሞተሩ ተነሥቶ ሲሞቅ ይጠፋል፣ በደንብ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይነሣል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የቴስታታው ዳዶዎች በመስቀል አቅጣጫ እንደገና ይጠበቃሉ። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ የቸርኬው ሽቦዎች እየተመቱ በድምፅ ይመረመራሉ፤ የላላው ድምፁ ይደክማል፣ እሱም ይጠበቃል። በጭቃ የተነዳ እንደሆነ ካቴናው ጭቃው ሳይደርቅ ታጥቦ ዘይት ይቀባል። ለሳምንታት የሚቆም ከሆነም የቤንዚኑ መክፈቻ ተዘግቶ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ይሠራል፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ሲተን የሚተወው ዘይትና ሙጫ የጄቱን ቀዳዳ ይደፍናልና።